በሰባት ጨርቅ ዝም ያለው ሞተር

የሰው ልጅ አየር ላይ መብረር ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሊቃውንት በሞተር ጉዳይ ተጨንቀዋል። ጸጉራቸው ሸብቷል፣ መነጽራቸው ወፍሯል፣ ትዳራቸውም ሳይፈተን አልቀረም። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሁሉ ሊቃውንት አንዱ እንኳ ልብ ያላለውን ታላቅ ጉድለት ያገኘችው አራተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለት ጊዜ ያልጨረሰች አንዲት ሴት ናት። ይህ ጽሑፍ ለእሷ ክብር የቆመ ሐውልት ነው። ሐውልቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ከመሰላችሁ አልተሳሳታችሁም።

ሥራዋ በአንድ ትልቅ የአውሮፕላን ጥገና ሃንጋር ውስጥ ጨርቅ መቁጠር ነበር። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። መካኒክ ግን ያለ ጨርቅ አይሠራም፤ ዘይቱን ይጠርግበታል፣ እጁን ይጠርግበታል፣ ማንም ካላየው አፍንጫውንም ይጠርግበታል። ሥራውን ሲጨርስ ታዲያ አንዲት ጨርቅ ሞተር ውስጥ ረስቶ ቢሄድ ሞተሩ ጨርቋን ይውጣታል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ደግሞ አየር ላይ ሆኖ ማወቅ የሚፈልግ የለም። ስለዚህ ደንቡ እንዲህ ነበር፤ ጨርቅ በፊርማ ይወጣል፣ በፊርማ ይመለሳል፣ አንዲት ከጎደለች አውሮፕላኑ ከቆመበት ንቅንቅ አይልም።

እሷም በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ በአንዲት ጠባብ መስኮት በኩል፣ ቀያይ ጨርቆቿን ስትሰጥና ስትቀበል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዲት ጨርቅ አልጠፋችባትም። እንደ መብራት ቆጣሪ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ የምትውል፣ ቢለምኗትም ቢቆጧትም ቁጥር የማትለውጥ ስለሆነች ሰዉ ስሟን ትቶ «እትዬ ቆጣሪ» ይላት ጀመር። ለመደችው። እውነቱን ለመናገር ወደደችው።

ያልወደዳት ሰው ቢኖር ዋናው መካኒክ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቃል ሲያወጣ ከኪሱ የሚከፍል የሚመስል ሰው ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ ቀን አንዲት ጨርቅ ጎድላበት፣ እትዬ ቆጣሪ አልፈርምም ብላ፣ የገጠመውን ሁሉ እንደገና ሲፈታ ዋለ። ጨርቋ የተገኘችው በገዛ ሱሪው የኋላ ኪስ ነው። እሷም በመዝገቡ ላይ «አንድ ጨርቅ፣ ተመለሰ፣ ከዋናው መካኒክ መቀመጫ» ብላ ጻፈች። እስከ ዛሬ እዚያው ይነበባል።

ታላቁ ግኝት የተገኘው ነፋስ ባየለበት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከሃንጋሩ በር ውጪ የቆመ አውሮፕላን የሞተሩ አፍ ወደ ነፋሱ ዞሯል፤ ማራገቢያውም ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ ይዞራል። ማራገቢያ የሚባለው ሞተሩ ፊት ለፊት የሚታየው ትልቅ ክብ ነገር ነው፤ ዙሪያውን እንደ ትልልቅ ቢላዋ የተደረደሩ ሃያ አራት ብረቶች አሉት፣ መካኒኮቹ «ብሌድ» ይሏቸዋል። እትዬ ቆጣሪ የታጠበ ጨርቅ ተሸክማ በአጠገቡ ስታልፍ ሰማች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ብርድ የመታው ሰው ጥርስ የመሰለ ድምፅ።

ቆመች። ጨርቋን አስቀመጠች። መሰላል ላይ ወጥታ አንዱን ብሌድ በሁለት ጣቷ ገፋ አደረገችው። ብሌዱ ከነሥሩ ተወዛወዘ።

«ጉድ!» አለች ለራሷ።

ሌላውንም ገፋችው። እሱም ተወዛወዘ። ሃያ አራቱንም ተራቸው እስኪደርስ እየጠበቀች ገፋቻቸው፤ ሃያ አራቱም ላልተዋል። ወርዳ ሄዳ ዋናውን መካኒክ ከጎማ ሥር ጎትታ አወጣችው።

«ብሌዱ ላልቷል» አለችው።

«የቱ?»

«የቱ ትለኛለህ? ሁሉም! እንደ ሽማግሌ ጥርስ እየተንቀጫቀጨ ነው።»

«እንደዛ ነው የሚሆነው።»

«እንደዛ ነው ብሎ ነገር አለ? የላላ ነገር የላላ ነው። ባሌ አናጢ ነው፤ የላላ የወንበር እግር ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ። ክፍተቱ ውስጥ ጨርቅ ይሸጎጣል።»

ዋናው መካኒክ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ «አንቺ ጨርቅሽን ቁጠሪ» አለና ወደ ጎማው ሥር ተመለሰ።

ሦስት ቃል ናት። እሷም ቆጣሪ ናትና ቆጠረቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዓለም አቪዬሽን ዕድገት በአንድ ነገር ላይ ብቻ ተንጠለጠለ፤ ያ ሰው አንድ ቀን፣ ሰው እየሰማ፣ «ልክ ነሽ» እንዲላት። ይሄ ደግሞ ሁለት ቃል ነው። ብዙ አልጠየቀችም።

ሳይንስ ያለ ሙከራ አይሆንምና እትዬ ቆጣሪ ምርምሯን በመኖሪያ ቤቷ ሳሎን አካሄደች። ሳሎኑ ጥግ ላይ ባለ አንድ እግር ቬንትሌተር አለ፤ ሲዞር ይንገጫገጫል። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ምንድን ነው የሚጮኸው?» ይላል። የባሏን ያረጀ ሸሚዝ አንገትጌ ቆርጣ፣ አጣጥፋ፣ ክንፎቹ ከመሃሉ ጋር በሚገናኙበት ቦታ በማንኪያ እጀታ እየገፋች ሸጎጠችው። ከዚያ አበራችው። ቬንትሌተሩ አንዴ አጉረመረመና ጭጭ አለ።

«ይኸው!» አለች።

ባሏ ከሚልገው እንጨት ቀና ብሎ አየ። «አይዞርም እኮ።»

«ዝም ብሏል ወይስ አላለም?»

«ዝምስ ብሏል።»

«በቃ!»

«ትንሽ ደግሞ የተቃጠለ ነገር ይሸታል።»

«አዲስ ነገር ሲጀመር ይሸታል።»

«ኧረ ሞቀኝ፣ አንቺ ሴትዮ።»

«መስኮቱን ክፈት።»

ጥናቱ በዚሁ ተጠናቀቀ። ውጤቱም አጥጋቢ ሆኖ ተገኘ።

ዕድል ደግሞ ለሊቃውንት መንገድ ትጠርጋለች። በዚያው ሰሞን ወደ ሃንጋሩ አዲስ ዳይሬክተር ተሹመው መጡ። የመጡት ከሳሙና ፋብሪካ ነው። በትውውቁ ዕለት «ሳሙናም ይሁን አውሮፕላን፣ በአግባቡ ካልተያዘ ከእጅ ያመልጣል» ሲሉ ጭብጨባው ለአፍታ ያህል ዘግይቶ ነው የመጣው፤ ከኋላ ቆሞ የነበረው ዋናው መካኒክ ግን አላጨበጨበም፣ እጁ ዘይት ነበር። ዳይሬክተሩ ወሩን «የፈጠራ ሐሳብ ወር» ብለው ሰየሙት። ኮሪደር ላይም የሐሳብ መስጫ ሳጥን ተሰቀለ። የሐሳቡም ርዕስ ከበላይ ወርዶ ተለጠፈ፤ «የሞተር ማራገቢያ ብሌድን ስለማሻሻል»። ለምን ብሌድ እንደተመረጠ የሚያውቅ የለም። ዳይሬክተሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ያለው ፎቶግራፍ የብሌድ ስለሆነ ይሆናል።

ሕዝቡ ተነሣሣ። የበሩ ጥበቃ ወፍ እንዳይገባ የሞተሩ አፍ በዶሮ ሽቦ ይከደን አለ። አንድ ሹፌር በየብሌዱ ላይ ትልልቅ ዓይን ቢሣል ወፎች ራሳቸው ይሸሻሉ ሲል ጻፈ። የመዝገብ ቤት ኃላፊው ሃያ አራት ብሌድ እንደበዛ፣ አሥራ ሁለቱ ሲሠሩ አሥራ ሁለቱ የዓመት ፈቃድ ሊወጡ እንደሚችሉ በሦስት ገጽ አብራራ። እትዬ ቆጣሪ እነዚህን ሰምታ በሳቅ ፈረሰች። መሃይም ሁሉ ስለ ሞተር አወራ ብላ አዘነች። ከዚያ የራሷን ጽፋ ከተተች፤

«ለሚመለከተው ሁሉ። ብሌዶቹ ላልተዋል። በእጄ ነክቼ አይቻለሁ። ጨርቅ ይሸጎጥባቸው። ቤቴ ሞክሬው ሠርቷል። ጨርቅ እኔ ጋ አለ።»

የሐሳብ መርማሪው ኮሚቴ አምስት አባላት ነበሩት። ዳይሬክተሩ ሰብሳቢ፣ የሰው ኃይል አስተዳደሩ፣ የሕግ አማካሪው፣ የመኪና ስምሪቱ፣ ጸሐፊዋ ደግሞ ቃለ ጉባኤ ያዥ። ሞተር ነክቶ የሚያውቅ በመካከላቸው ባለመኖሩ ገለልተኛነታቸው የተጠበቀ ነበር። ዋናው መካኒክ ተጠርቶ ነበር፤ ግን ሥራ ላይ ስለነበረ ስለ ሥራው ለመነጋገር አልተመቸውም። ኮሚቴው የእትዬ ቆጣሪን ደብዳቤ አንብቦ በአካል ለማረጋገጥ ወጣ። ዳይሬክተሩ መሰላል ላይ ሁለት ደረጃ ወጡና አንዱን ብሌድ በጣታቸው ቆረቆሩት።

ቀጭ።

ፊታቸው ተለወጠ። «ይሄ ሁሉ ዘመን እንዲህ ሲንቀጫቀጭ ማንም አላየም?»

«እኔ አይቻለሁ» አለች እትዬ ቆጣሪ።

«መፍትሔውስ?»

«ጨርቅ።»

«ጨርቅ!» አሉ ዳይሬክተሩ ወደ ኮሚቴው ዞረው፣ ያሰቡት እሳቸው እንደሆኑ ሁሉ። «አያችሁ? ይሄ ነው ከሥር የሚመነጭ ዕውቀት። መጽሐፍ ያላበላሸው!»

እትዬ ቆጣሪ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ሙገሳ ሰምታ አታውቅም። መጽሐፍ እንዳላበላሻት ግን ማንም ሊክድ አይችልም።

ማታ እንኳ ሳይጠበቅ፣ በዚያው ቀትር ውሳኔው ተተየበ፤ «ሐሳቡ በመርህ ደረጃ ተቀባይነት አግኝቷል።» ወረቀቷን ይዛ ጸሐፊዋ ዘንድ ሄደች።

«እስቲ ንገሪኝ ልጄ፣ በመርህ ደረጃ ማለት ምን ማለት ነው?»

ጸሐፊዋ ሰባት ዳይሬክተር ያሳለፈች ሴት ናት። ቀና ሳትል መለሰች። «አዎ ማለት ነው፣ እትዬ። ግን ማንም አላለውም ማለት ነው።»

እትዬ ቆጣሪ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰማች። ሁለተኛው ሲነገር ደረጃውን ወርዳ ጨርሳ ነበር።

በማግሥቱ መካኒኮቹ ምሳ ሲወጡ፣ ጨርቄን ማቄን ሳትል ሥራ ጀመረች። ሆኖም ግን የታሪክ ሰዎች እንዲያውቁላት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ጨርቆቹን ዝም ብላ አላነሣችም። መዝገቧን ገለጠች፣ «ሰባት ጨርቅ፣ ወጪ» ብላ ጻፈች፣ በተቀባይ ቦታ ላይ የራሷን ስም አሰፈረች፣ በሰጪ ቦታ ላይም የራሷን። ሁለቱንም ፈረመች። ደንብ ደንብ ነው።

ከዚያ ከበሩ ውጪ ወደቆመው አውሮፕላን ሄዳ መሰላሉ ላይ ወጣች። ጨርቁን እያጣጠፈች፣ ከፊሉን በብሌዶቹ ሥር፣ ከፊሉን ደግሞ በብሌዶቹ ጫፍና በዙሪያቸው ባለው ቀለበት መካከል፣ በማንኪያ እጀታ እየገፋች ሸጎጠች። ማንኪያውን ከቤት ይዛው መጥታለች፤ የተፈተነ መሣሪያ ነው። ነፋሱ መጣ። ማራገቢያው ሊዞር ሞከረ፤ አልሆነለትም። ዝም አለ። ሃንጋሩ እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቶ አያውቅም።

ስምንት ሰዓት ላይ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሦስት እንግዶች መጡ። ዳይሬክተሩ እየመሩ ቀጥታ ወደ ሞተሩ ወሰዷቸው።

«ክቡራን እንግዶች፣ እስቲ አዳምጡ» አሉ።

እንግዶቹ አዳመጡ።

«ምን ትሰማላችሁ?»

«ምንም» አለ አንደኛው።

«ይኸው ነው! ትናንት ይንቀጫቀጭ የነበረ ሞተር ዛሬ ዝም ብሏል! ይህ ዝምታ ተራ ዝምታ አይደለም። ይህ የአመራር ዝምታ ነው!» ብለው ብሌዱን በፍቅር ደባበሱት። እጃቸው ጠቆረ። እትዬ ቆጣሪም እጇ ላይ የተረፈችውን ጨርቅ ዘረጋችላቸው። ጠረጉባት፣ እንደ መሐረብ እያውለበለቡ ንግግራቸውን ቀጠሉ። «በዚህች ሴት ትጋት፣ በዚህች ሴት ንቁ ዓይን፣ በዚህች ሴት...» ጨርቋ ከዚያ በኋላ የት እንደገባች እትዬ ቆጣሪ ብትጠየቅ አታውቅም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጨርቅ ሳይሆን ሙገሳ እየቆጠረች ነበር። አሥራ አንድ ደርሳ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዋናው መካኒክ ወደ መስኮቷ መጣ። የአውሮፕላኑን የመልቀቂያ ቅጽ በሰሌዳ አድርጎ ዘረጋላት።

«ውጪ ያለው አውሮፕላን ሊወጣ ነው። መንገደኞቹ እየተጠሩ ነው። ፈርሚ።»

ቅጹ ላይ «የወጡት ጨርቆች ሁሉ ተመልሰዋል» የሚል አንድ መስመር አለ፤ ከሥሩ የእሷ ፊርማ ቦታ። ብዕሯን አነሣች። እንደ ልማዷ መዝገቡን ገልጣ ጣቷን ከላይ ወደ ታች ነዳች። ተመለሰ። ተመለሰ። ተመለሰ። ከዚያ ጣቷ ቆመ። ሰባት ጨርቅ፣ ወጪ። አልተመለሰም።

ስለ ሞተር ያላት እምነት አልተነቃነቀም ነበር። ጨርቆቹ የት እንዳሉ ታውቃለች፤ ለምን እንዳሉ ታውቃለች፤ ኮሚቴ ያውቃል፣ እንግዶች አጨብጭበዋል። ብትፈርም ማንም አይጠይቃትም። ግን ያ መስመር «ከተሸጎጡት በቀር» አይልም። «ሁሉ» ነው የሚለው።

«ምነው?» አላት ዋናው መካኒክ።

«አልፈርምም።»

«ለምን?»

«ሰባት ጨርቅ ይጎድላል።»

ሰውየው ደነገጠ። «ሰባት? ማን ነው የወሰደው?»

እትዬ ቆጣሪ መዝገቡን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። «አንዲት ሴት።»

«የትኛዋ ሴት?»

«አንዲት ደረቅ ሴት» አለችና መዝገቡን ገልብጣ አሳየችው።

ስሙን አነበበ። ፊርማውን አነበበ። ሁለተኛውንም ፊርማ አነበበ። «የት ነው ያለው?»

በጣቷ ወደ ውጪ አሳየች።

ዋናው መካኒክ በዚያ ዕድሜው ሲሮጥ ያየው ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ታየ። ሁለት መካኒኮች መሰላል ይዘው ተከተሉት፤ እሷም መዝገቧን በብብቷ ይዛ ተከተለች። ጨርቆቹ አንድ በአንድ እየተጎተቱ ሲወጡ ከመሰላሉ ሥር ቆማ «ኧረ ተው፣ እንደገና ይላላል!» አለች።

ዋናው መካኒክ ወረደ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። አንገቱ ላይ ያለውን የቁልፍ ገመድ አውልቆ ፊቷ ላይ አንጠለጠለው። ቁልፎቹ ተንቀጫቀጩ።

«ይሄ ላልቷል?»

«ላልቷል።»

ገመዱን ከጭንቅላቱ በላይ አሽከረከረው። ገመዱ እንደ ብረት ተወጠረ፤ ቁልፎቹ ጭጭ አሉ።

«አሁንስ?»

እትዬ ቆጣሪ የሚዞሩትን ቁልፎች በዓይኗ ተከተለች።

«ብሌዱም እንደዚሁ ነው። ሆን ተብሎ ነው የላላው። ሲቆም ይንቀጫቀጫል፤ በኃይል ሲዞር ወደ ውጪ ተወጥሮ ራሱን ያጠብቃል። አንቺ የሸጎጥሽበት ሞተር ዝም ያለው ስለዳነ አይደለም። ስለታነቀ ነው።»

ሳሎኑ ጥግ ላይ ያለው ቬንትሌተር ትዝ አላት። የተቃጠለው ሽታም። «ታዲያ ያን ጊዜ እንዲህ ብለህ ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? ነገርሽኝ እንጂ።»

ደግነቱ ከመሰላሉ ላይ «ጨርሰናል!» የሚል ድምፅ መጣና አዳናት። ጨርቆቹ መሬት ላይ ተዘረጉ። ቆጠረቻቸው። ደግማ ቆጠረቻቸው።

«ስድስት ናቸው።»

«ውስጥ ሌላ የለም፣ እትዬ» አለ አንዱ መካኒክ። «በባትሪ አይተናል።»

«ሰባት ነው የወጣው።»

ወሬው ሲደርሳቸው ዳይሬክተሩ ከእንግዶቹ ተነጥለው እያለከለኩ መጡ። ኮታቸው ተቆልፏል፣ ፊታቸው በላብ ያብረቀርቃል። «ምን ተፈጠረ? ሁለት መቶ መንገደኛ ተቀምጧል! አውሮፕላኑን ማን ነው ያስቆመው?»

«ጨርቅ ጎድሎ ነው» አለች።

«የትኛው ጨርቅ?»

«ትናንት ያጸደቁት።»

ዳይሬክተሩ ዙሪያቸውን አዩ። «እኔ? እኔ በመርህ ደረጃ ነው ያልኩት! ለመሆኑ ስንት ነው የጎደለው?»

«አንድ።»

«አንድ? በአንዲት ብጣሽ ጨርቅ? ስድስት ነበር ብለው ይጻፉና ይፈርሙ!»

«ሰባት ብዬ ነው የጻፍኩት።»

«ተሳስተው ቢሆንስ?»

«በሌላው ሁሉ ልሳሳት እችላለሁ። በጨርቅ አልሳሳትም።»

«እሺ፣ በመርህ ደረጃ ስድስት ይሁን!»

«ጨርቅ በመርህ ደረጃ አይቆጠርም፣ ጌታዬ።»

ዳይሬክተሩ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። ወደ ዋናው መካኒክ ዞሩ። «አንተ የሙያው ሰው ነህ። እስቲ ንገራት!»

ዋናው መካኒክ ዘይት የነካ እጁን በሱሪው ጠረገ። መሬት ላይ የተዘረጉትን ስድስት ጨርቆች አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። ሰዉ ሁሉ ይሰማል።

«ልክ ነች» አለ። «ሰባት ካለች ሰባት ነው። አውሮፕላኑ አይንቀሳቀስም።»

እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ ያ የተናፈቀ ቃል የወረደው። ለብሌዱ አልነበረም፣ ለምርምሩ አልነበረም፣ መጽሐፍ ላላበላሸው ዕውቀት አልነበረም። ጨርቋን ስለቆጠረች ነበር። ሰውየው ከመጀመሪያው ያዘዛት እሱኑ ነው።

ፍለጋው ቀጠለ። ከሞተሩ ሥር ተፈለገ፣ ከመሰላሉ ሥር ተፈለገ፣ የእትዬ ቆጣሪ ኪስ በራሷ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ተገለበጠ። ማንኪያ እንጂ ጨርቅ አልተገኘበትም። ዋናው መካኒክ የማራገቢያውን ፊት ለመፍታት መሣሪያ አስመጣ። አንዱ መካኒክ «ዛሬ የሚበር ነገር የለም» አለ። ዳይሬክተሩ ፀሐይ ላይ ቆመው ወዲያ ወዲህ ሲሉ፣ «ኃላፊነት የማይሰማው ሰው! አገር የሚጎዳ ሰው! ይሄን ጨርቅ ያጠፋውን ሰው ባገኘው...» አሉና፣ ላባቸው ዓይናቸው ውስጥ ቢገባ፣ ከኮታቸው የደረት ኪስ አንዲት ቀይ ጨርቅ መዘው ግንባራቸውን ጠረጉ።

በዚያ ቀን በሃንጋሩ ደጅ ለሁለተኛ ጊዜ ዝምታ ሰፈነ። ይሄኛውን ግን እንግዶቹ መጥተው እንዲያዳምጡት አልተጋበዙም።

እትዬ ቆጣሪ ቀረብ አለች። መዝገቡን ገለጠች፣ ብዕሩን ዘረጋች። «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» አለች። «አንድ ጨርቅ፣ ተመለሰ።» ከየት የሚለውንም በእጇ ሞላችው።

አውሮፕላኑ ከተመረመረ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይቶ ወጣ። ሞተሩ ሲነሣ እየተንቀጫቀጨ ጀመረ፤ ፍጥነቱ ሲጨምር መንቀጫቀጩ ጠፋ። እትዬ ቆጣሪ መስኮቷ ላይ ሆና ሰማችው። ማንም አላያትም እንጂ አንገቷን ነቀነቀች።

በሳምንቱ አንድ ፖስታ ደረሳት። ውስጡ ሁለት ደብዳቤ ነበር። አንደኛው ያለ ፈቃድ ሞተር ውስጥ ጨርቅ በመሸጎጧ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይሰጣታል። ሁለተኛው ጨርቅ መጉደሉን በታማኝነት በመግለጧ ያመሰግናታል። ፊርማው አንድ ነው፣ ቀኑም አንድ ነው። ጸሐፊዋ ጋ ሄደች።

«ተቀባይነት አግኝቷል ተብሎ አልነበረም እንዴ?»

«ነግሬሽ ነበር እኮ፣ እትዬ» አለች ጸሐፊዋ። «ማንም አላለውም።»

የፈጠራ ሐሳብ ወሩ ሽልማት ለራሳቸው ለዳይሬክተሩ ተሰጠ። ያሸነፉት «ጨርቅ ይቆጠር» በሚል ሐሳብ ነው።

እትዬ ቆጣሪ ሁለቱንም ደብዳቤ መስኮቷ አጠገብ ጎን ለጎን ለጠፈቻቸው። ትሕትና ተምራለች፤ ትሕትናውም ሦስት ቀን ሙሉ ቆየ። በአራተኛው ቀን ለበሩ ጥበቃ ብሌድ ለምን እንደሚላላ ስታስረዳ «ይሄማ የታወቀ ነገር ነው» ስትል ተሰምታለች። የቁልፍ ገመድም ገዝታ አንገቷ ላይ አስራለች።

እሑድ ጠዋት የሸሚዙን አንገትጌ ከቬንትሌተሩ ውስጥ ጎትታ አወጣችው። ዳሩ ጠቁሯል። ሶኬቱን ሰካች። ቬንትሌተሩ ተነሣ፣ ነፋሱ መጣ፣ መንገጫገጩም ተመለሰ።

«ኧረ ይሄ ነገር ሊወልቅ ነው» አለ ባሏ።

«አንተ ምን ታውቃለህ? ሆን ተብሎ ነው የላላው። በኃይል ሲዞር ተወጥሮ ራሱን ያጠብቃል።»

«ይሄኛውም?»

«ሁሉም! ይልቅ ፍጥነቱን ሦስት ላይ አድርገው።»

ባሏ ተነሣ። ሦስት ላይ አደረገው። ቬንትሌተሩ አንዴ ጮኸ፣ ሁለቴ ጮኸ፤ ከዚያ አንዱ ክንፍ ተነቅሎ ሳሎኑን አቋርጦ፣ ቁምሳጥኑን መትቶ፣ የእትዬ ቆጣሪ እግር ሥር ወደቀ።

ባሏ ጎንበስ ብሎ አነሣው። ብሎን መግቢያውን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ባዶ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገ...» ብላ ጀመረች። መልሱን ስለምታውቀው አፏን ዘጋች። ባሏም ሳቁን ውጦ ጠበቃት። ከብዙ ትግል በኋላ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጥያቄ ጠየቀችው።

«እስቲ ንገረኝ፤ ይሄ ነገር መጀመሪያ ስንት ብሎን ነበረው?»

ባሏ ደስ ብሎት ቁጭ አለ። «አራት» አላት።

«ሦስት ነው» አለች።